ነገ በማን እጅ ነው?

(በሬድዮ ከቀረበ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጭንቀት ነው። ስለ ሌላ ሰው ጭንቀት አይደለም፤ ስለ እኛ፣ ስለ ቅዱሳኑ ጭንቀት ነው። እሑድ እጃችንን አንሥተን እንዘምራለን፣ በልሳን እንጸልያለን፣ ሃሌ ሉያ እንላለን። ሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ብዙዎቻችን ዐይናችንን አፍጥጠን ጣራ እናያለን። የቤት ኪራይ ተጨምሯል። የላቦራቶሪው ውጤት ነገ ይነገራል። ዐረብ አገር የሄደችው ልጅ ስልኳ ከተዘጋ ሰነበተ። አሜሪካ የጥገኝነት ማመልከቻ ያስገባው ወንድም ዓመት ቈጥሮ ውሳኔ ይጠብቃል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወሰደው ልጅ እናት እንቅልፍ የላትም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብን የምትበላ አንዲት ጥያቄ አለች፤ "ነገ ምን ይሆን?"

ይህችን ጥያቄ ይዘው አንዳንድ ወጣቶች ወደ ፍልስፍና መጻሕፍት እየሄዱ ነው። የጥንት የግሪክና የሮም ሰዎች ስለ ጭንቀት የጻፉትን ያነባሉ፣ በስልካቸውም ያዳምጣሉ። ከዚያ በፍርሃት ቀርበው፣ "ፓስተር፣ ይህን ማንበብ ኃጢአት ነው ወይ? እውነቱን ለመናገር ትንሽ አረጋግቶኛል" ይላሉ።

"ኧረ ተው! የዓለም ጥበብ ነው፣ ቆላስይስ 2፥8ን አላነበብክም?" ብሎ ማባረር ቀላል ነው። ግን ቆይ። ይህ ልጅ መጀመሪያ ጭንቀቱን ይዞ የሄደው ወዴት ነበር? ብዙ ጊዜ ወደ አንድ አማኝ ነው። ያ አማኝ ደግሞ፣ "አትጨነቅ ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ? እምነትህ የት ገባ?" አለው። ልጁ ጭንቀት ይዞ መጥቶ፣ ጭንቀትና ኀፍረት ይዞ ተመለሰ። የጌታ ቃል ለመጽናኛ የተሰጠ ሆኖ ሳለ እንደ ዱላ ከተጠቀምንበት፣ የተመታው ሰው ሌላ ቤት ቢያንኳኳ ምን ያስደንቃል?

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር እናድርግ። ፈላስፎቹ ስለ ጭንቀት የተናገሩትን በትክክል እንስማ። ከዚያም በጌታ ቃል እንመዝነው።

ጳውሎስ በአቴና

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ ጳውሎስ አቴና ገባ። ቊጥር 18 እንደሚነግረን ኤፊቆሮሳውያንና ኢስጦኢኮች የተባሉ ፈላስፎች አገኙት። ኢስጦኢኮች ማለት ዛሬ ወጣቶቹ "ስቶይኮች" የሚሏቸው ናቸው። አያችሁ? ፍልስፍናው ትናንት በኢንተርኔት የመጣ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ በስሙ ተጠቅሷል።

ጳውሎስ ምን አደረገ? ጆሮውን ደፍኖ አልሸሸም። የሰማውን ሁሉ አሜን ብሎም አልተቀበለም። አርዮስፋጎስ ላይ ቆሞ፣ እነርሱ ከሚያውቋቸው ባለ ቅኔዎች ቃል ጠቅሶ (ቊጥር 28) እስከ ትንሣኤ ድረስ ወሰዳቸው። ትንሣኤ ሲሰሙ ገሚሶቹ አፌዙ። ዲዮናስዮስና ደማሪስ የተባለች ሴት፣ ሌሎችም ከእነርሱ ጋር ግን አመኑ። ሰው ካለበት ተነሥቶ፣ እውነት የሆነውን እውነት ነው ብሎ፣ ጉድለቱን አሳይቶ፣ ወደ ክርስቶስ ማድረስ፤ መንገዳችን ይህ ነው።

ባሪያውና ንጉሡ

የኢስጦኢኮች ትምህርት የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ፣ ዜኖ በተባለ የቆጵሮስ ሰው ነው። ስለ እርሱ የሚተረከው ነጋዴ እንደ ነበረ፣ ዕቃ የጫነበት መርከብ ሰጥሞበት አቴና እንደ ገባና ፍልስፍና እንደ ጀመረ ነው። ያስተምር የነበረው በገበያው ዳር ባለ፣ ዓምድ በተደረደረበት ደጀ ሰላም ሥር ነው። በግሪክ "ስቶአ" ይባላል፤ ስማቸውም ከዚያ መጣ።

ከተከታዮቹ ውስጥ ሦስቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ሴኔካ ነው፤ የኔሮን መምህር የነበረ፣ በኋላም በኔሮን ትእዛዝ ራሱን እንዲገድል የተደረገ ሰው። ወንድሙን ታውቁታላችሁ፤ በሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ጳውሎስ በቆሮንቶስ የቀረበበት አገረ ገዥ ጋልዮስ ነው። ሁለተኛው ማርቆስ አውሬሊዮስ ነው። ከ161 እስከ 180 ድረስ ሮምን የገዛ ንጉሠ ነገሥት ነበር። በዘመኑ ጦርነት ነበር፣ ቸነፈር ነበር፣ ከልጆቹም ብዙዎቹን ቀብሯል።

ሦስተኛው ኤፒክቴተስ ነው። ባሪያ ነበር፣ እግሩም ሽባ ነበር። የተወለደው በሄራፖሊስ ነው፤ ጳውሎስ በቆላስይስ 4፥13 የሚጠቅሳት ከተማ ናት። ነጻ ከወጣ በኋላ ሮም ሲያስተምር፣ ንጉሡ ዶሚጥያኖስ ፈላስፎችን ሲያባርር እርሱም ተባረረ። ሄዶ ትምህርት ቤት የከፈተው በኒቆጶሊስ ነው። ጳውሎስ ክረምቱን ሊያሳልፍባት እንዳሰበ ለቲቶ ጽፏል (ቲቶ 3፥12)።

የኤፒክቴተስ ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፦ በዓለም ያለውን ነገር ሁሉ ለሁለት ክፈለው። በእጅህ ያለ አለ፤ በእጅህ የሌለ አለ። በእጅህ ያለው ሐሳብህ፣ ፍላጎትህ፣ ምርጫህ፣ የምትወስደው እርምጃ ነው። በእጅህ የሌለው ጤናህ፣ ሀብትህ፣ ስምህ፣ ሰው የሚያደርግብህ ነገር ነው። ሰው የሚታመመው በእጁ የሌለውን በእጁ እንዳለ አድርጎ ሲይዝ ነው፤ በእጁ ያለውን ደግሞ ይተወዋል። በተጨማሪም ሰውን የሚያስጨንቀው ነገሩ ራሱ ሳይሆን ስለ ነገሩ የያዘው ፍርድ ነው ብሎ አስተምሯል።

ወገኔ፣ ይህ ከንቱ ወሬ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ የተባሉ አሜሪካውያን፣ አንዱ የሥነ ልቦና፣ አንዱ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ፣ ዛሬ ለጭንቀት ሕመም የሚሰጠውን የንግግር ሕክምና መሠረት ሲጥሉ ከእነዚህ ፈላስፎች መማራቸውን በግልጽ ተናግረዋል።

ጌታስ ምን አለ? በማቴዎስ 6፥27 ተጨንቆ በቁመቱ ላይ አንድ ክንድ የሚጨምር ማን እንደ ሆነ ጠየቀን። በማቴዎስ 5፥36 አንዲቱን ጠጕር ነጭ ወይም ጥቊር ማድረግ እንደማንችል ነገረን። ስለዚህ "በእጅህ የሌለ ነገር አለ፤ ዕወቀው" የሚለው ሐሳብ ለክርስቲያን እንግዳ አይደለም። የሁለተኛው ሰዓት አውቶቡስ የሚመጣበት ሰዓት በእጅህ አይደለም፤ በሰዓቱ ፌርማታ መቆም በእጅህ ነው። የሐኪሙ ውጤት በእጅሽ አይደለም፤ ሄዶ መመርመር በእጅሽ ነው። ይህን መለየት ብቻውን ግማሹን ሸክም ያወርዳል። እውነት ነውና እውነት እንበል።

የኤፊቆሮስ አትክልት ቦታ

ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 ተወልዶ በ270 የሞተ ሰው ነው። በአቴና አትክልት ቦታ ገዝቶ ከወዳጆቹ ጋር ኖረ። ስሙ በሆዳምነት ቢነሣም፣ ራሱ ያስተማረው ጥቂት ምግብ፣ ጥቂት ፍላጎትና መልካም ወዳጅነት ነው። ሰውን የሚያስጨንቁት ሁለት ፍርሃቶች ናቸው አለ፤ የአማልክት ፍርሃትና የሞት ፍርሃት። መድኃኒቱም፣ "አማልክት ስለ አንተ ግድ የላቸውም፤ ስትሞት ደግሞ አንተ ስለሌለህ የሚሰማህ ነገር የለም፤ ስለዚህ ተረጋጋ" የሚል ነው።

የመርመራው ክፍል ያስደንቃል። ዕብራውያን 2፥15ም ሰው በሞት ፍርሃት ምክንያት ዕድሜውን ሁሉ ባሪያ ሆኖ እንደሚኖር ይናገራል። የትንሹ ጭንቀት ሁሉ ሥሩ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ እዚያ ይደርሳል። መድኃኒቱ ግን ምን ዐይነት መድኃኒት ነው? "ማንም አያይህም፣ ማንም አይጠብቅህም፣ ስለዚህ ተኛ" ብሎ ሕፃንን ማስተኛት ይቻላል?

እኛም ሰፈር አሉ

ይህን ሁሉ ስናገር የሩቅ አገር ታሪክ አይምሰላችሁ። እኛም ሰፈር ኢስጦኢክ አለ። "ቻል አድርገው"፣ "ሆድ ይፍጀው"፣ "ምን ይደረጋል፣ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው" የሚለው ማን ነው? እኛም ሰፈር ኤፊቆሮስ አለ። "ነገን ማን አየው፣ ዛሬን እንደሰት" የሚለው ማን ነው? ግሪኮቹ በመጽሐፍ ያሰፈሩትን እኛ በቡና ሰዓት እናወራዋለን። ስለዚህ ጥያቄው ፍልስፍና ልያዝ ወይስ አልያዝ አይደለም። ሁላችንም አንድ ይዘናል። ጥያቄው የያዝነው መከራ በመጣ ቀን ይሸከመናል ወይ ነው።

ሦስት ቦታ ላይ እንመዝነው።

አንደኛ፣ ከመስመሩ ማዶ ያለው ማን ነው?

ኤፒክቴተስ መስመር አሰመረልን፤ "ይህ በእጅህ ነው፣ ያ በእጅህ አይደለም"። በጣም ጥሩ። ታዲያ በእኔ እጅ ያልሆነው በማን እጅ ነው? የሰው እረፍት የተንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ኢስጦኢኮች ስለ አምላክ ይናገራሉ፤ አንዳንዴም አባት ይሉታል። ነገር ግን አምላካቸው ከዓለሙ ያልተለየ፣ በነገር ሁሉ ውስጥ ያለ ሥርዓት ነው። ሥርዓትን ታዘዘዋለህ እንጂ አታለቅስበትም። ዕድልን ትቀበለዋለህ እንጂ "አባ" አትለውም። የአርባ ቀን ዕድልም እንዲሁ ነው፤ ጆሮ የለውም።

ጌታ ግን በማቴዎስ 6 ከመስመሩ ማዶ ያለውን ሲያሳየን ወፎችን የሚመግብ አባት አሳየን፤ የሚያስፈልገንንም ሳንነግረው ያውቃል አለን። የአገራችን ሰው "እግዜር ካለ" ሳይል ቀጠሮ አይሰጥም። ያዕቆብ 4፥13-15 ነጋዴዎቹን ያስተማራቸው ይህንኑ ነው፤ ሕይወታችሁ እንደ እንፋሎት ነውና ዕቅዳችሁን በጌታ ፈቃድ ሥር አድርጉ አላቸው። እኛ ግን ቃሉን በአፋችን ለምደን በልባችን ረሳነው። "እግዜር ካለ" ብለን ቀጥረን፣ እግዜር የሌለ ይመስል ሌሊቱን እንጨነቃለን።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለት ሰዎች በጨለማ መንገድ በመኪና ይሄዳሉ። አንዱ "መሪው በእጄ አይደለም፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ልቀመጥ" ይላል። ሌላው "መሪው በእጄ አይደለም፤ የያዘው ግን አባቴ ነው" ይላል። ሁለቱም መንገዱን አያዩም። እንቅልፍ የሚወስደው ግን ማንኛቸውን ነው?

ሁለተኛ፣ እንባስ ምን ይሁን?

ኤፒክቴተስ ልጅህን ስትስም ሟች መሆኑን ለራስህ አስታውስ፣ ያኔ ሲሞት አትናወጥም ብሎ መክሯል። ሶቅራጥስም በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት የመርዙን ጽዋ ሲጠጣ ተረጋግቶ እንደ ነበር፣ የሚያለቅሱ ወዳጆቹንም እንደ ገሠጸ ተጽፏል። ለግሪኮች ትልቅ ሰው ማለት ይህ ነው፤ የማይናወጥ።

አሁን ወደ ጌቴሴማኒ ኑ። ጌታችን ጽዋው ሲቀርብለት በፊቱ ተደፋ። ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው (ማቴዎስ 26፥38)። ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ (ሉቃስ 22፥44)። ዕብራውያን 5፥7 በብርቱ ጩኸትና በእንባ ጸለየ ይላል። በአልዓዛር መቃብር ላይ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ።

ወገኔ፣ እንግዲህ ፍረድ። መናወጥ ሁሉ እምነት ማጣት ከሆነ ጌታን ምን ልንለው ነው? ስለ ታመመ ልጅሽ ልብሽ ቢመታ እምነት ስለሌለሽ አይደለም፤ ስለምትወጂው ነው። ፍቅር ያለበት ቦታ ስጋት አይጠፋም። ጳውሎስ ራሱ በፊልጵስዩስ 4፥6 አትጨነቁ ያለው ሰው፣ በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥28 የአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አሳብ ዕለት ዕለት እንደሚከብደው ጽፏል። የግሪክኛው ቃል አንድ ሥር ነው። በፊልጵስዩስ 2፥20ም ጢሞቴዎስ ስለ እነርሱ ከልቡ እንደሚያስብ ሲመሰክርለት ያንኑ ቃል ተጠቀመ። ስለዚህ ጌታ የከለከለን ማሰብን አይደለም፣ መውደድንም አይደለም። የከለከለን ሸክሙን ብቻችንን ይዘን ከአባት ርቀን መብከንከንን ነው።

የጌቴሴማኒው መንገድ "ሆድ ይፍጀው" አይደለም። ጌታ ፍርሃቱን ተናገረው። ጽዋው እንዲያልፍ በግልጽ ለመነ። ከዚያ ፈቃዱን ለአባቱ ሰጠ። መናገር፣ መለመን፣ መስጠት፤ በዚህ ቅደም ተከተል ነው። እኛ ሁለቱን ዘልለን ሦስተኛው ላይ ለመድረስ እንሞክራለን። ሳያለቅሱ "ፈቃድህ ይሁን" ማለት ብዙ ጊዜ እምነት ሳይሆን ድካም ነው።

ሦስተኛ፣ ኃይሉ ከየት ይመጣል?

በፊልጵስዩስ 4፥11 ጳውሎስ ባለው ኑሮ "ይበቃኛል" ማለትን እንደ ተማረ ይናገራል። እዚያ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል "አውታርኬስ" ነው። ይህ የኢስጦኢኮች የሚወዱት ቃል ነበር፤ ትርጉሙም ራሱን የቻለ፣ ከውጭ ምንም የማይፈልግ ማለት ነው። ጳውሎስ ቃላቸውን ወሰደና ከሁለት ቊጥር በኋላ ገለበጠው። ቊጥር 13 ላይ ምስጢሩ ኃይልን በሚሰጠው በክርስቶስ መሆኑን ተናገረ። ቀጥሎ ደግሞ የፊልጵስዩስ ሰዎች በመከራው ስለ ተካፈሉት አመሰገናቸው። ራሱን የቻለ ሰው ማንንም አያመሰግንም። ጳውሎስ ግን በክርስቶስ የቆመ፣ በወንድሞች የተደገፈ ሰው ነው።

ፍልስፍና "ከራስህ ውስጥ ምሽግ ሥራ" ይላል። መልካም ምክር ነው፤ ነገር ግን ምሽጉ ራሱ ሲፈርስስ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አእምሮህ ራሱ ጠላት ሆኖ ሲነሣብህስ? ያን ጊዜ ከራስህ ውጭ የሚመጣ እጅ ያስፈልጋል።

ትንቢት ፍለጋ

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን ልግባ፤ ታግሳችሁ ስሙኝ። እኛ ጴንጤዎች የነገን ጥያቄ ለማጥፋት የራሳችን አቋራጭ አለን። ፈላስፋ ጋ አንሄድም፣ ነቢይ ጋ እንሄዳለን። "ጌታ ምን ይልሃል? ቪዛው ይሰጠኛል? እገሌን ላግባ?" ብለን ከአንዱ ኮንፈረንስ ወደ ሌላው እንሮጣለን።

ትንቢት የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ነው፤ አሁንም አለ፤ አምናለሁ። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥19-21 ትንቢትን አንናቅ ይላል፣ እንመርምርም ይላል። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥3 ደግሞ ትንቢት ለማነጽ፣ ለመምከርና ለማጽናናት ነው ይላል። የነገን ፍርሃት ለመግዣ ነው አይልም።

አጋቦስን አስቡ። በሐዋርያት ሥራ 21 ላይ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ እጁንና እግሩን አስሮ፣ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም እንደሚታሰር ተናገረ። እውነተኛ ትንቢት ነው። መንገዱን ግን አላቀለለለትም፤ እስራቱንም አላስቀረለትም። ወዳጆቹ አልቅሰው ለመኑት፤ እርሱ ግን ሄደ። በመጨረሻ የጌታ ፈቃድ ይሁን ብለው ዝም አሉ። ከዚያ በፊትም በ20፥22 ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ በዚያ የሚያገኘውን እንደማያውቅ ተናግሯል። መንፈስ የሚመራው ታላቁ ሐዋርያ "አላውቅም" አለ! ጌታም በሐዋርያት ሥራ 1፥7 ዘመናትንና ወራትን ማወቅ ለእናንተ አልተሰጠም ብሎ ደቀ መዛሙርቱን መለሰ። በዘዳግም 29፥29ም ምስጢሩ ለእግዚአብሔር፣ የተገለጠው ለእኛ ነው።

አበው "የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" ይላሉ። የተጨነቀ ሰው የሚያረጋጋው ድምፅ እስካገኘ ድረስ ማን እንደ ተናገረው አይጠይቅም። ወርቋን ሸጣ "ዘር" የምትዘራ እናት፣ ሥራውን ለቅቆ የተባለለትን በር የሚጠብቅ ጐልማሳ፣ በትንቢት ተጋብተው በሦስት ወር የተለያዩ ወጣቶች፤ እነዚህ በከተማችን እንግዳ ወሬ አይደሉም። ጭንቀታቸው ኃጢአት አልነበረም። ጭንቀታቸውን የበዘበዘው ግን ኃጢአት ሠርቷል። ስለዚህ "ነገህን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ክፈል" የሚልህን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እለፈው።

እግዚአብሔር ነገን የሸሸገብን ሊያሠቃየን አይደለም። ነገን ብናውቅ ነገን እንታመን ነበር። ሳናውቅ ግን እርሱን እንታመናለን።

ታዲያ ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

ስብከት ሰምቶ ሌሊቱን እንደ ቀድሞው ማደር አይጠቅምም። አምስት ነገር ልስጣችሁ።

አንድ። ወረቀት አውጡና መካከሉን አስምሩ። በአንድ በኩል "የእኔ ድርሻ"፣ በሌላው በኩል "የአባቴ ድርሻ" ብላችሁ ጻፉ። ያስጨነቃችሁን ነገር ለሁለቱ አከፋፍሉት። ለምሳሌ ሥራ ያጣ ወንድም፣ ማመልከቻ ማስገባት የእርሱ ድርሻ ነው፤ የቀጣሪው ልብ የአባቱ ድርሻ ነው። መክብብ 11፥4 ነፋስን ሲጠብቅ የሚውል አይዘራም ይላል፤ ቊጥር 6 ደግሞ የትኛው እንደሚበቅል አታውቅምና ጧትም ማታም ዝራ ይላል። አለማወቅ ለመቀመጥ ምክንያት አይደለም፤ ለመዝራት ምክንያት ነው።

ሁለት። በአባታችሁ በኩል የጻፋችሁትን አንድ በአንድ በስሙ ጥሩና ጸልዩ። ፊልጵስዩስ 4፥6 ልመናችሁን አስታውቁ፣ ከምስጋናም ጋር ይሁን ይላል። "ጌታ ሆይ ሁሉን ታውቃለህ" ብላችሁ አትለፉት። "የነሐሴ ኪራይ ጎድሎኛል" በሉት።

ሦስት። የዛሬን ብቻ ያዙ። በዘፀአት 16 መና የሚወርደው ለዕለቱ ነበር፤ ለነገ ያስቀመጡት ተላ። የነገ ጸጋ ዛሬ አይታደልም። ዛሬ የነገን መከራ ብትሸከም፣ መከራውን ይዘሃል፣ የሚሸከምበትን ጸጋ ግን ገና አልተቀበልክም። ለዚህ ነው የሚከብድህ።

አራት። ለአንድ ሰው ንገሩ። 1ኛ ጴጥሮስ 5፥7 አሳባችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉ ሲል የሚናገረው ለብዙ ሰዎች ነው፤ አብረን የምንጥለው ሸክም ነው። ገላትያ 6፥2ም አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም ይላል። ምሥጢር የሚጠብቅ፣ የማይፈርድ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ፈልጉ። የሕዋስ ቡድን መሪዎች ሆይ፣ የተጨነቀ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አዳምጡ፤ ጥቅሱ ይደርሳል።

አምስት። ሥጋችሁን አትርሱ። በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን፣ እግዚአብሔር ቀድሞ አልገሠጸውም። አስተኛው፣ መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ደግሞም አስተኛው። ንግግሩ የመጣው በኋላ ነው። ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ፣ ልብ የሚያዘልልና ሥራ የሚያስተጓጉል ከሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም የተወደደው ብሎ ጠራው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ አማኝ እምነት የለውም እንደማንል፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ የሄደውንም አንበል። በተለይ መኖር ሰልችቶህ፣ ራስህን ስለ መጉዳት እያሰብክ ከሆነ፣ ይህን ትራክት አስቀምጥና አሁኑኑ ለቅርብ ሰው ተናገር፤ ወደ ሕክምና ቦታም አብሮህ ይሂድ። ብቻህን አትደር።

ፍርዱን የሚጠብቀው እስረኛ

ከመለያየታችን በፊት የፊልጵስዩስ መልእክት የተጻፈው ከየት እንደ ሆነ እናስብ። ጳውሎስ እስር ቤት ነው። ይፈታ ይሆን ይሞት ይሆን አያውቅም። በ1፥20-23 ሁለቱንም መንገድ አስቀምጦ ይመዝናል። በ2፥23 ጢሞቴዎስን የምልከው ጉዳዬ እንዴት እንደሚሆን ካየሁ በኋላ ነው ይላል። ይኸውላችሁ፤ እርሱም ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ልክ እንደ እኛ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ደስ ይበላችሁ ብሎ ደጋግሞ ጻፈ። በ4፥7 የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁንና አሳባችሁን ይጠብቃል ሲል፣ ቃሉ ወታደር ከተማ ለመጠበቅ ሲቆም የሚባለው ቃል ነው። በዙሪያው የሮም ወታደሮች ነበሩ (1፥13)። እርሱ ግን ሌላ ዘበኛ አየ። ወታደሮቹ ሥጋውን እንዳያመልጥ ይጠብቁታል፤ የእግዚአብሔር ሰላም ደግሞ ልቡ እንዳይወሰድ ይጠብቀዋል። ጥያቄው አልተመለሰለትም፤ ልቡ ግን ተጠበቀ።

ፈላስፎቹ በሩ ድረስ ያደርሱናል። በእጃችን የሌለ ነገር እንዳለ ያስተምሩናል። ያን ነገር የያዘውን እጅ ግን አያሳዩንም። እኛ ግን ያን እጅ እናውቀዋለን፤ ሚስማር የተመታበት እጅ ነው። ሞትን ራሱን አልፎ የተነሣ ጌታ ስለሆነ፣ ኤፊቆሮስ በቃል ሊያጠፋው የሞከረውን ፍርሃት እርሱ በትንሣኤው ሰበረው።

ይህን ጌታ ገና ያላወቅህ አንባቢ ካለህ፣ ነገህን ከመስጠትህ በፊት ራስህን ስጠው። በቅርብህ ያለች ወንጌል የምትሰበክባት ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ጠይቅ፤ ይቀበሉሃል። ያወቃችሁት ደግሞ አብረን እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ ነገን አናውቅም፤ አንተን ግን እናውቅሃለን። ውጤት የሚጠብቀውን፣ ስልክ የምትጠብቀውን፣ ውሳኔ የሚጠብቁትን በፊትህ እናቀርባለን። በእጃችን ላለው ትጋትን፣ በእጅህ ላለው እረፍትን ስጠን። ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ የራቃቸውን አስተኛቸው። ማልቀስ ለሚፈልጉት የሚያለቅሱበትን ትከሻ አዘጋጅላቸው። በተወደደው ልጅህ በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁን ይጠብቅ። ይህችን ትራክት አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ እንቅልፍ ላጣ ለአንድ ሰው አቀብሉ። ተባረኩ።